ቤቱ የማን ነው?
በአቼ ጠረፍ መንደር ያየነውና የተማርነው

(ለድርጅታችን ደጋፊዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፤

 

ከእናንተ መካከል ጥቂቶቻችሁ እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ከኢንዶኔዥያ የላክንላችሁን ሪፖርት ታስታውሱ ይሆናል። በዚያ ሪፖርት ውስጥ «የቤቶቹ ሥራ በዝናብ ምክንያት ሁለት ወር ዘግይቷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። ዝናብ በእርግጥ ነበረ። ቤቶቹን ያዘገየው ግን ዝናቡ አልነበረም። ያዘገየው እኛ ራሳችን የሠራነው ስሕተት ነው። ያን ጊዜ እውነቱን ለመጻፍ አፈርን። ዛሬ ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነገሩን እንደ ነበረ ልንነግራችሁ ወደናል፤ ገንዘቡ የእናንተ ነበርና ትምህርቱም የእናንተ ሊሆን ይገባል።

አገሩና መንገዱ

ኢንዶኔዥያ ከ17,000 በላይ ደሴቶች ያሉባት አገር ናት። በስተምዕራብ ያለችው ትልቋ ደሴት ሱማትራ ትባላለች፤ የሱማትራ ሰሜናዊ ጫፍ ደግሞ አቼ ይባላል። ሕዝቡ እስላም ነው፤ ሃይማኖቱንና ልማዱን አጥብቆ ይይዛል። ከመንግሥት ጋር ለብዙ ዓመታት ጦርነት የነበረበትም አገር ነው። ጦርነቱ ያበቃው እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2005 በሄልሲንኪ ከተማ በተፈረመው ስምምነት ነው። እንግዲህ እኛ በገባንበት ወራት ሕዝቡ ሁለት ኀዘን ተደራርቦበት ነበር ማለት ነው።

እንደምታስታውሱት ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004፣ እሑድ ጠዋት በአገሩ ሰዓት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በመለኪያው 9.1 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ በባሕሩ ወለል ላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሱናሚ የተባለው ማዕበል ተነሥቶ የአቼን ጠረፍ ጠረገው። በአቼ ብቻ የሞተውና የጠፋው ሕዝብ ወደ 170,000 ይጠጋል። ያው ማዕበል የሕንድን ውቅያኖስ አቋርጦ እስከ ጐረቤታችን እስከ ሶማልያ ደረሰ፤ በሐፉን ዙሪያ ባሉት የጠረፍ መንደሮች ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ውኃው ለእኛም ሩቅ አልነበረም።

እኛ የተመደብንባት መንደር በምዕራቡ ጠረፍ፣ ላምኖና ቻላንግ በተባሉት ሁለት ከተሞች መካከል የምትገኝ ትንሽ ቦታ ናት። የሰዎቹን የቤተሰብ ጉዳይ ስለምንናገር የመንደሪቱን ስም አንጠቅስም። በመጀመሪያ ስንሄድ በየብስ የሚያደርስ መንገድ አልነበረም። ድልድዮቹ ተወስደዋል፤ በብዙ ቦታም መንገዱ ራሱ ባሕር ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ሌሊቱን ተጉዘን፣ ሲነጋ ጠረፉ ላይ እስከ ወገባችን ውኃ ውስጥ ገብተን ወረድን። ከዚያም በኋላ ወንዝ በተሻገርን ቁጥር የምንሻገረው በታንኳ ላይ ጣውላ ተረብርቦ በተሠራ መሻገሪያ ነበር። ሞተር ብስክሌቱም፣ ሩዙም፣ በሽተኛውም በዚያው ላይ አብሮ ይጫናል።

አዲሱ መንገድ በአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታ ተሠራ፤ ከባንዳ አቼ እስከ ቻላንግ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሥራው ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ እጥረት አልነበረም። የቀድሞው መንገድ በብዙ ቦታ ባሕር ስለ ሆነ አዲሱ ወደ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሚያልፈው በሰዎች ርስት ላይ ነው። በሺህ የሚቆጠር ቁራሽ መሬት፣ በመካከሉም የአባቶች መቃብር ነበረ። ለእያንዳንዱ ባለቤቱን መፈለግ፣ ካሣ መተመንና መስማማት ያስፈልግ ነበር። ባለቤቱ በማዕበሉ ከሞተስ ማን ይፈርማል? መሐንዲሶቹን ያስቸገረው ጥያቄ ይህ ነበር። እኛንም ያስቸገረን ይኸው ነው።

አሁን መንገዱ መልካም ነው። ከባንዳ አቼ ኤል 300 በሚባለው የሚትሱቢሺ ሚኒባስ ተሳፋሪው ከየቤቱ እየተለቀመ ይጫናል። መኪናው ፓሮ፣ ኩሉና ጉሩቴ የተባሉትን ተራሮች ይወጣል። በጉሩቴ ጫፍ ላይ ከገደሉ ዳር የተደረደሩ ቡና ቤቶች አሉ፤ ተሳፋሪው ወርዶ ቡናውን እየጠጣ ወደ ባሕሩ ይመለከታል። ከዋናው መንገድ እስከ መንደሩ ያለውን ደግሞ ቤቻክ በሚሉት፣ በሞተር ብስክሌት ጐን ጋሪ በተገጠመለት መጓጓዣ መሄድ ይቻላል።

በመንደሩ መኖር

በኢንዶኔዥያ በብዙ መንደር መግቢያ ላይ «እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ያስታውቅ» የሚል ሰሌዳ ይታያል። እኛም በመጀመሪያው ቀን ከመንደሩ ሹም ዘንድ ሄደን ማን እንደ ሆንን፣ ለምን እንደ መጣንና እስከ መቼ እንደምንቆይ ተናገርን። ሹሙ ስማችንን በደብተር ጻፈና ምናሳ ወደሚሉት ቤት ወሰደን። ምናሳ የመንደሩ የጸሎት ቤትም፣ የሸንጎ ቤትም፣ የወጣቶች ማደሪያም ነው። የቀድሞው ከነምሰሶው ተወስዶ ስለ ነበር በዚያን ጊዜ ምናሳቸው ላስቲክ የተወጠረበት ዳስ ነበር። ነገር ግን ነገር የሚቈረጠው በዚያ ዳስ ሥር ነበር።

የመንደሩ ሰው በባሕርና በሩዝ ማሳ ይኖራል። ወንዶቹ ዓሣ ያጠምዳሉ። ከመንደሩ በስተኋላ ያለውን የሩዝ ማሳ ሴቶቹ ይተክላሉ፤ ከዚያ ወዲያ የኮኮናትና የጎማ ዛፍ ይገኛል። ባሕሩም የራሱ ሹም አለው፤ ፓንግሊማ ላኦት ይሉታል፣ የባሕር አዛዥ ማለት ነው። ሹመቱ ከሱልጣኖቹ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው። ዓሣ አጥማጆች ቢጣሉ የሚያስታርቃቸው እርሱ ነው። ዓርብ ቀን ጸሎቱ እስኪፈጸም ድረስ ማንም ባሕር አይገባም። ከጥፋቱ ወዲህ ዲሴምበር 26 ቀንም እንዲሁ ባሕር የማይገባበት የመታሰቢያ ቀን ሆኗል። አንድ ሰው በባሕር ላይ ቢጠፋ ደግሞ ሌሎቹ መረባቸውን ትተው እንዲፈልጉት ሕጉ ያዝዛል።

ቡና ይወዳሉ። ከጨርቅ በተሠራ ማጥለያ ከፍ አድርገው እያንቆረቆሩ ያጠሉታል። በአቼ ደጋ፣ በጋዮ አገር ብዙ አረቢካ ቡና ይበቅላል። የአረቢካ ቡና መነሻ የእኛው አገር መሆኑን ስንነግራቸው አንድ ሽማግሌ ሣቁና «እንግዲያው እኛ ነን የእናንተ እንግዶች» አሉን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቡናው ዙሪያ ቦታ አላጣንም።

መኖሪያችን በአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ የተከራየነው አንድ ክፍል ነበር። በኢንዶኔዥያ የመሬት ሕግ ላይ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ከእናንተም መካከል «ለድርጅቱ ለምን ቦታ አልገዛችሁም?» ብሎ የጠየቀን ነበርና። የአገሩ መሠረታዊ የመሬት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው 5 ቁጥር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ሙሉ የባለቤትነት መብት ሀክ ሚሊክ ይባላል። «ሀክ» ማለት እኛ ሐቅ የምንለው ነው። ይህ መብት ለአገሩ ዜጋ ብቻ የተፈቀደ ነው። የውጭ አገር ሰው በአገሩ የሚኖር ከሆነ ሀክ ፓካይ የተባለውን፣ በጊዜ የተወሰነ የመጠቀም መብት ሊያገኝ ይችላል፤ ወይም ይከራያል። በአገሩ ሰው ስም አስገዝቶ በስውር ባለቤት መሆንን ሕጉ ዋጋ አይሰጠውም። እኛ ተከራዮች መሆናችን መልካም ነበር። ሰው በተከራየው ቤት ሲኖር የባለቤቱን ድምፅ መስማት ይማራል። እኛ ግን ቶሎ አልተማርንም።

ስሕተታችን

የምንሠራቸው ቤቶች 36 ካሬ ሜትር ስፋት ያላቸው የብሎኬት ቤቶች ነበሩ። በአቼ በመልሶ ማቋቋሙ ጊዜ የብዙዎቹ ቤቶች ልክ ይኸው ነበር። ከከተማው ቢሮአችን የመጣ የመመዝገቢያ ቅጽ ነበረን። በቅጹ የመጀመሪያ መስመር ላይ «የቤተሰቡ ኃላፊ» ይላል። በዳሱ ሥር ስብሰባ ጠራን። የመጡት ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶቹ በድንኳኑ በኩል ሩዝ ይቀቅሉ ነበር። እያንዳንዱ ስሙን አስመዘገበ። በአንድ ቀን ጨረስን። ሥራው ስለ ተቃና ደስ ብሎን ዝርዝሩን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ለጠፍን።

በማግሥቱ አንዲት አሮጊት የ9 ዓመት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው መጡ። ልጅቱ ዝርዝሩን ጮክ ብላ አነበበችላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው ወደ እኛ ዞሩ።

«ልጆቼ፣ የእኔ ቤት የት አለ?» አሉ።

«እማማ፣ የልጅዎ ባል ተመዝግበዋል። ቤቱ በእርሳቸው ስም ይሠራል» አልናቸው።

አሮጊቷ አልተቈጡም። ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «እርሱ መልካም ሰው ነው። ነገር ግን በቤቴ እንግዳ ነበር። ቤቱ የልጄ ነበር፤ ልጄን ባሕር ወሰዳት። አሁን ቤቱ የማን ነው?»

መልስ አልነበረንም። ትርጉሙንም በደንብ የተረዳነው በዚያን ምሽት የመንደሩ ሹም ካስረዱን በኋላ ነው። በአቼ ልማድ ሴት ልጅ ስታገባ ከእናቷ ግቢ አትወጣም፤ ባልየው ነው ወደ እርሷ ዘንድ የሚገባው። ወላጆቿም ከጊዜ በኋላ ቤትና የቤት ቦታ በስጦታ ይሰጧታል። ስለዚህ በአቼ ቋንቋ ሚስት ፖ ሩሞህ ትባላለች፤ የቤቱ ባለቤት ማለት ነው። የሩዝ ማሳና ሌላው ንብረት በእስልምና የውርስ ሕግ ይከፈላል፤ ቤቱ ግን ከእናት ወደ ሴት ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ አልነበረም። ጐረቤት ያውቀው ነበር፤ ያ ይበቃ ነበር።

የቀድሞው የአቼ ቤት ራሱ ይህን ይመሰክር ነበር። በረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ይቆማል፤ ያለ ሚስማር በሽብልቅ ይያያዛል፤ ቤተሰብ ቢዛወር እንኳ ተፈትቶ ይወሰዳል። ከደረጃው ግርጌ የእግር መታጠቢያ ውኃ ያለበት እንስራ ይቀመጣል። ከፊት ያለው ክፍል የወንዶችና የእንግዳ ነው፤ ከበስተኋላ ያለው የሴቶችና የማድቤት ነው። እኛ ያመጣነው ፕላን ማድቤት እንኳ አልነበረውም። ቤቱ የማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ ኖሮ ማድቤት እንደሚያስፈልግም በሰማን ነበር።

አሁን የነገሩን ክብደት ልብ በሉ። የአሮጊቷ ልጅ ባል ሚስቱን አጥቷል። ገና ጐልማሳ ነው፤ በልማዱ መሠረት ከሌላ መንደር አግብቶ ወደ አዲሷ ሚስቱ ቤት መሄዱ አይቀርም። ቤቱ በእርሱ ስም ከተሠራ፣ መሬቱም በእርሱ ስም ከተመዘገበ፣ የ9 ዓመቷ ልጅ ከእናቷ የምትወርሰውን አንድ ነገር በእኛ እጅ፣ በእናንተም ገንዘብ ልንወስድባት ነበር። ክፋት ያሰበ ማንም አልነበረም። ባልየው አልዋሸም፤ «የቤተሰቡ ኃላፊ ማን ነው?» ብለን ጠየቅነው፣ «እኔ ነኝ» አለ። ስሕተቱ በጥያቄአችን ላይ ነበር።

ድንበሩ እንዴት ተገኘ?

ስለዚህ ዝርዝሩን ከሰሌዳው ላይ አነሣነው። ሁለቱ ወር የጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን ጠፋ ማለታችንም ስሕተት ነው፤ በእነዚያ ሁለት ወራት የተሠራው ሥራ ከግድግዳው ይበልጥ ነበር።

በመጀመሪያ ድንበሩ መገኘት ነበረበት። ማዕበሉ አጥርን፣ የኮኮናት ዛፍንና የቤት ምሰሶን አንድ ላይ ጠርጓል። ባንዳ አቼ የሚገኘው የመሬት መሥሪያ ቤትም ተጐድቶ ነበር፤ መዝገቦቹ በጨውና በጭቃ ውኃ ራሱ። እነዚያ መዝገቦች እንዳይሻግቱ በበረዶ ተደርገው ወደ ጃካርታ ተላኩና በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ በልዩ መሣሪያ እንዲደርቁ ተደረገ። ግሩም ሥራ ነው። ነገር ግን በገጠር ያለው አብዛኛው መሬት ቀድሞውንም በመዝገብ አልነበረም። የመንደራችን መዝገብ ሰው ነበር፤ ከሰዎቹም ብዙዎቹ ሞተዋል።

በሕይወት የተረፉት ተሰበሰቡ፤ በዚህ ጊዜ ሴቶቹም መጡ። የቀረው ምልክት የውኃ ጕድጓዶቹና እዚህም እዚያም የተሰነጠቀ የቤት ወለል ነበር። አሮጊቶቹ ከጕድጓድ ተነሥተው በእግራቸው እየቈጠሩ «ከዚህ እስከዚህ የእገሌ እናት ነው፤ እዚህ ላይ የፒናንግ ዛፍ ነበረች» ይላሉ። በሁለቱም ወገን ያሉት ጐረቤቶች «እውነት ነው» ሲሉ ወጣቶቹ ችካል ይተክላሉ፣ ገመድ ይወጥራሉ። ካልተስማሙ ሹሙና የጸሎት መሪው ይዳኛሉ። በመጨረሻ ካርታው በወረቀት ተሥሎ ሁሉም ፈረመበት፤ መጻፍ የማይችለው በጣቱ ፈረመ።

ይህ ሥራ የእኛ መንደር ብቻ ፈጠራ አልነበረም። በዓለም ባንክ በሚተዳደር፣ ልዩ ልዩ መንግሥታት ባዋጡት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረ የአቼ የመሬት ምዝገባ ነበር፤ መሠረቱም ይኸው የጐረቤቶች ስምምነት ነው። ከስምምነቱ በኋላ የመንግሥት ቀያሾች መጥተው ይለካሉ፤ የምስክር ወረቀቱም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ታስቦ የነበረው 600,000 የምስክር ወረቀት ነበር፤ ሥራው እስኪዘጋ እስከ 2009 የተሰጠው ከ200,000 በላይ ነው። ካሰቡት እጅግ ያነሰ ቢሆንም ብዙ ቤተሰብ አሳርፏል። ነገር ግን በብዙ መንደር የወጣው ወረቀት በባል ስም ብቻ ነበር። የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲጻፍ በኋላ ቢፈቀድም ብዙ ቦታ ላይ ዘግይቶ ደረሰ። እንግዲህ ስሕተቱን የሠራነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ይህን የምንለው ግን ለማመካኘት አይደለም።

የአሮጊቷ ጉዳይ ወደ ሃይማኖቱ ፍርድ ቤት ሄደ። በአቼ የውርስን ነገር የሚያየው ይህ ፍርድ ቤት ነው፤ ከማዕበሉ በኋላ ከአቅሙ በላይ ሥራ በዝቶበት ነበር። በሕጉ መሠረት ከሟቿ ንብረት ባልየውም፣ ሴት ልጇም፣ እናቷም ድርሻ አላቸው። ከዚያ በፊት ግን በዳሱ ሥር ሸንጎ ተደረገ። ባልየው ተነሣ። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። «ቤቱ የእናቷ ነበር። እኔ የገባሁት በእጄ ሻንጣ ይዤ ነው። ድርሻዬን ለልጄ ሰጥቻለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ሹሙ ጻፈ፤ የጸሎት መሪው መሰከረ። አሮጊቷ በመጋረጃው በኩል ሆነው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኛም ቀና ብለን ልናየው አልቻልንም፤ እኛ በአንድ ቀን ልንወስድለት የነበረውን ክብር እርሱ በአንድ ቃል መልሶ አገኘው።

ቤቱ በልጅቱ ስም ተሠራ። ፕላኑም ተለወጠ፤ በሁሉም ቤቶች ላይ በስተኋላ በኩል ማድቤት ተጨመረ። በአዲሱ ዝርዝር ላይ «የቤተሰቡ ኃላፊ» የሚለው መስመር ተሰርዞ «ቤቱ የማን ነበር? አሁን የማን ነው?» የሚል ተጻፈ። ብዙ ስሞች ተለወጡ።

መሬት ያልነበራቸው

ሌላም ነገር አለ። ከመንደሩ ሰዎች መካከል ቦታቸው ባሕር የሆነባቸው ነበሩ። በመሬት መንቀጥቀጡ የጠረፉ መሬት በአንዳንድ ስፍራ ዝቅ ብሎ ውኃው ተመልሶ አልሄደም። አንድ ዓሣ አጥማጅ በጀልባው ወስዶን ሞተሩን አጠፋና «አሁን ያላችሁት ሳሎኔ ውስጥ ነው» አለን። በ1960ው ሕግ 27ኛ አንቀጽ መሠረት መሬቱ ከጠፋ የባለቤትነት መብቱም አብሮ ያከትማል። ትናንት ባለርስት የነበረው ዛሬ በሕግ ፊት ምንም የለውም። ተከራይ የነበሩትም እንዲሁ በመጀመሪያው ዕቅድ ተዘንግተው ነበር፤ ቤት የሚሠራው ቦታ ላለው ነበርና። ብዙ ከጮኹ በኋላ መንግሥት ለእነርሱም ቦታና ቤት እንዲሰጥ ወሰነ። በእኛ መንደር ግን ከውሳኔው አስቀድሞ አንዲት መበለት ከራሷ ቦታ ከፍላ ለሁለት ቤተሰብ መሥሪያ ሰጥታ ነበር።

በዚያ ወራት መንግሥት ከባሕሩ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ድረስ ማንም ቤት እንዳይሠራ አስቦ ነበር። ሐሳቡ ከመልካም ልብ የመነጨ ነው። ነገር ግን ዓሣ አጥማጅ ከጀልባው ርቆ እንዴት ይኖራል? ሕዝቡ እምቢ አለ፤ ሐሳቡም ቀረ። አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ማዕበሉ ቢመለስስ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ በከፊል ከዚያው ከአቼ ጠረፍ ወዲያ ባለችው በሲሙሉ ደሴት ይገኛል። የሲሙሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1907 በመጣ ማዕበል ብዙ ሰው አልቆባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አያቶች ለልጅ ልጆች «መሬት በኃይል ከተናወጠ፣ ባሕሩም ከሸሸ፣ ሳትዘገዩ ወደ ኮረብታ ሩጡ» እያሉ ሲያስተምሩ ኖሩ። ማዕበሉን ስሞንግ ይሉታል። በ2004 ወደ 78,000 ከሚጠጋው የደሴቲቱ ሕዝብ መካከል የሞቱት 7 ብቻ ናቸው። ያዳናቸው በየቤቱ ሲነገር የኖረ ቃል ነው።

ይህን የምናነሣው ከርስቱ ነገር ጋር ስለሚገናኝ ነው። በሲሙሉ የአሮጊቶች ቃል ሕይወት አዳነ። በእኛ መንደር የአሮጊቶች ቃል ድንበር መለሰ። እኛ የመጣነው ሕዝቡ ሁሉ ነገሩ እንደ ተወሰደበትና ባዶ እጁን እንደ ቀረ አድርገን በማሰብ ነበር። ባዶ አልነበረም። ማን የት እንደ ኖረ፣ ማን ለማን ምን እንደ ሰጠ ያውቁ ነበር። ሲሚንቶ አልነበራቸውም፤ ሲሚንቶውን እናንተ ላካችሁ። የጐደለው እርሱ ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል።

መደምደሚያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያችን መንደር ዳግመኛ ጐበኘናት። በጉሩቴ ተራራ ቡና ጠጥተን፣ በኤል 300 ወርደን፣ ከሹሙ ዘንድ ሄደን ስማችንን አስጻፍን፤ ሹሙ ሌላ ሰው ነው፣ ደብተሩም አዲስ ነው፣ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። አሮጊቷ ዐርፈዋል። የልጅ ልጃቸው አግብታለች፤ ባሏም በልማዱ መሠረት ወደ እርሷ ቤት ገብቷል። አባቷ በሌላ መንደር ይኖራል፤ በበዓል ቀን እየመጣ ይጠይቃታል። እኛ የሠራነው ቤት በሦስት ወገን ተቀጥሎ ከብሎኬቱ የሚታየው ፊቱ ብቻ ነው። በድንበሩ ላይ የተተከለው ኮኮናት ፍሬ ይዟል። የምስክር ወረቀቷን ከሣጥን አውጥታ አሳየችን። እኛም ስሟን አነበብን፤ በዚያን ቀን እርሷ ለአያቷ ከሰሌዳው ላይ ስታነብ ያላገኘችውን ስም ማለት ነው።

የተወደዳችሁ ወገኖቻችን፤ እንግዲህ ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ከእኛም ሆነ ከሌላ ድርጅት «ይህን ያህል ቤት ሠራን» የሚል ሪፖርት ሲደርሳችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን በዚያ አታቁሙ። ደብዳቤ ጻፉልን። ቤቱ የቆመበት መሬት የማን ነው? ወረቀቱ በማን ስም ወጣ? ሚስቲቱ ተጠይቃለች ወይ? ቦታ ያልነበረውስ የት አደረ? ብላችሁ ጠይቁን። ሥራው ሁለት ወር ቢዘገይ ታገሡን። ምክንያቱን ስንጽፍላችሁም፣ ከእንግዲህ ዝናብ ነው አንላችሁም።